ስናረጅ የሰውነታችን በሽታ መከላከያ ምን ይሆናል?

የዚህን ጽሑፍ ርዕስ ያገኘነው ከአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ስለ ነጭ የደም ሴሎች በምንማርበት ሰሞን እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበሽታ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ታዲያ የሳቸው ሰውነት ከኔ ይልቅ የለመደና የጠነከረ መሆን አልነበረበትም ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል አዎ ወይም አይደለም ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። አያቱ ቀደም ሲል ታመው ለዳኑበት በሽታ ከልጅ ልጃቸው የበለጠ የተዘጋጁ ሊሆኑ ይችላሉ። አይተውት ለማያውቁት በሽታ ግን የሳቸው ሰውነት ከልጁ ይልቅ ዘገምተኛ ነው።

ይህ ልዩነት በተወለደበት ቀዬ ለሚኖር ሽማግሌ ያን ያህል ላይታወቅ ይችላል። የአካባቢውን በሽታ ሰውነቱ ያውቀዋልና። ለስደተኛ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኡም ራኩባ በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ፣ ጥቁር ዋልካ አፈር ያለው ቆላ ነው። ክረምቱ ሲገባ ወባ ይነሳል፤ ግዛቱ በሱዳን ውስጥ ካላዛር በብዛት ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ካምፑ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 እንደገና ሲከፈት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድንበር ተሻግረው ከመጡት መካከል ከሁመራና ከማይካድራ ቆላ የመጡ እንዳሉ ሁሉ ከደጋ የወጡም አሉ። በ60 ወይም በ70 ዓመቱ ከደጋ ወደዚህ የወረደ ሰው አዲስ አገር ብቻ ሳይሆን አዲስ በሽታም ነው የሚገጥመው። እስቲ በዚያ ዕድሜ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚከናወን እንመልከት።

ሴሎቹ የሚፈጠሩበትና የሚማሩበት ቦታ

በሽታ የሚከላከሉልን ነጭ የደም ሴሎች ዝም ብለው በደም ውስጥ ሲንሳፈፉ የሚውሉ አይደሉም። የሚፈጠሩበት፣ የሚማሩበትና ተሰብስበው የሚጠባበቁበት ቦታ አላቸው። የሚፈጠሩት በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ከነሱ መካከል ቲ ሴል የሚባሉት ገና ጥሬ እንዳሉ ከመቅኔ ወጥተው ታይመስ ወደሚባል እጢ ይሄዳሉ፤ ትምህርታቸው እዚያ ነው። ቢ ሴል የሚባሉት ደግሞ አብዛኛውን ትምህርታቸውን እዚያው መቅኔ ውስጥ ይጨርሳሉ። አንቲቦዲ የሚያመርቱት እነዚህ ናቸው። ሁለቱም ከተመረቁ በኋላ ወደ ጣፊያ፣ ወደ ቶንሲልና ወደ ንፍፊት ይበተናሉ።

ንፍፊት ስንል በብብት፣ በአንገትና በብሽሽት ያሉትን ትንንሽ እጢዎች ማለታችን ነው። ሰው ንፍፊት ወጣብኝ የሚለው ሲያብጡ ነው እንጂ እጢዎቹ ሁልጊዜም አሉ፤ በአንድ ሰው አካል ውስጥ በመቶዎች ይቆጠራሉ። እግሩን እሾህ የወጋው ልጅ ብሽሽቱ ላይ የሚያብጠው ለምንድን ነው? ከቁስሉ የተነሳው ጀርም በቀጭን ቧንቧዎች ተጉዞ እዚያ ይደርሳል። እጢው ውስጥ ከተሰበሰቡት እጅግ ብዙ ሴሎች መካከል ያንን ጀርም ለይተው የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እነዚያ ጥቂቶች ይጠሩና መራባት ይጀምራሉ፤ አንዱ ሴል በሳምንት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ይሆናል። እብጠቱ ይህ ነው፤ ስለዚህ ንፍፊት በሽታው ራሱ ሳይሆን ሰውነት ሥራ ላይ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ቀድሞ የሚያረጀው ታይመስ

ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ታይመስ ነው። ከልብ በላይ፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ይገኛል። ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ጥቅም የሌለው እጢ አድርገው ያዩት ነበር። ሥራው የታወቀው በ1961 ነው። ዣክ ሚለር የተባለ ተመራማሪ ለንደን ውስጥ ገና ከተወለዱ አይጦች ላይ ታይመሱን ሲያወጣ አይጦቹ በሽታ መቋቋም አቅቷቸው ይሞቱ ጀመር። በሌላ አነጋገር ከሰውነት ክፍሎች መካከል ሥራቸው ዘግይቶ ከታወቀው አንዱ ይህ ነው።

በታይመስ ውስጥ የሚካሄደውን ነገር መምህራን ቶሎ የሚረዱት ይመስለናል፤ ፈተና ነውና። እያንዳንዱ ቲ ሴል አንድ ዓይነት ነገር ብቻ የሚለይበት መለያ ይዞ ይመጣል። ያ መለያ የተሠራው በዕድል ነው፤ ወባን የሚለይ ሊሆን ይችላል፣ ጨርሶ የማይጠቅምም ሊሆን ይችላል፣ የገዛ አካላችንን የሚያጠቃ አደገኛም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሁለት ፈተና ይቀርብለታል። የመጀመሪያው፣ ከሰውነት ሴሎች ጋር ተገናኝቶ መሥራት ይችላል ወይ? ሁለተኛው፣ የራሱን ወገን ሳይነካ መኖር ይችላል ወይ? ከ100 ሴሎች ከ95 የሚበልጡት ይወድቃሉ፤ የወደቀው ደግሞ እዚያው ይሞታል። እንደገና መፈተን የለም። እንዲህ የከበደ ማለፊያ ነጥብ ያለው ትምህርት ቤት በየትም አገር አናውቅም። የታይመስ ጥቅም ታዲያ ብዙ ሴል ማውጣቱ ብቻ ሳይሆን የተለያየ ሴል ማውጣቱ ነው። ነገ የትኛው በሽታ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን ሰው ቀድሞ መመረቅ አለበት።

ትምህርት ቤቱ ግን ከልጅነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ክፍሎቹን ይዘጋል። ከጉርምስና በኋላ የሚሠራው ሥጋ እየቀነሰ በቦታው ስብ ይተካል። በ70 ዓመት አካባቢ አብዛኛው ስብ ነው። ግልገል ወይም ጥጃ ሲታረድ ያየ ሰው በአንገቱ ሥርና በደረቱ ውስጥ ለስለስና ነጣ ያለ እጢ አይቶ ይሆናል፤ ይህ ታይመስ ነው። ባረጀ በሬ ላይ ያንን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

እንግዲህ አዳዲስ ቲ ሴሎች መምጣታቸው ሲቀንስ ሰውነት ምን ያደርጋል? በፊት የተመረቁትን በማባዛት ቁጥሩን ለመሙላት ይሞክራል። ቁጥሩ ይሞላ ይሆናል፤ ዓይነቱ ግን ይጠባል። ቅጂ የጻፈ ተማሪ ደብተሩን ቢሞላም አዲስ መልስ እንደማይጨምር ማለት ነው። ስለዚህ አይቶት የማያውቀው ጀርም ሲመጣ፣ ያንን የሚለየው ሴል ከአረጋዊው ሰውነት ጨርሶ ጠፍቶ ወይም በጣም አንሶ ሊገኝ ይችላል።

ያረጀ ታይመስ ምንም አይሠራም ማለት ግን አይደለም። በ2023 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ የወጣ ጥናት በደረት ቀዶ ሕክምና ወቅት ታይመሳቸው የወጣላቸውን ጎልማሶች ተመሳሳይ ቀዶ ሕክምና አድርገው ታይመሳቸው ካልተነካ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። በ5 ዓመት ውስጥ ታይመስ ከሌላቸው 8 በመቶ ገደማ ሲሞቱ ታይመሳቸው ካልተነካው የሞቱት 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሐኪሞች «ለትልቅ ሰው አያስፈልግም» ይሉት የነበረው እጢ እስከ እርጅና ድረስ ትንሽ ትንሽ እየሠራ ነበር ማለት ነው።

የማይረሱት ሴሎች

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ ሌላኛው ገጽታ እንምጣ። አንድን በሽታ ተዋግተው ካሸነፉት ሴሎች የተወሰኑት አይሞቱም። በመቅኔ፣ በጣፊያና በንፍፊት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣሉ፤ ያ በሽታ ተመልሶ ከመጣ በቀናት ውስጥ ይነሱበታል። ክትባት የሚሠራውም በዚህ መንገድ ነው።

ይህን ከሁሉም በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው የፋሮ ደሴቶች ታሪክ ነው። ደሴቶቹ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚገኙ ናቸው። በ1781 ኩፍኝ ገብቶባቸው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለ65 ዓመት ጠፋ። በ1846 እንደገና ሲገባ ከ7,800 ያህል ሕዝብ ወደ 6,000 የሚሆነው ታመመ። ፓኑም የተባለ ወጣት የዴንማርክ ሐኪም ከመንደር መንደር እየዞረ መዝግቧል። በ1781 በልጅነታቸው ኩፍኝ የያዛቸው ሽማግሌዎች አንዳቸውም ዳግመኛ አልታመሙም። ያን ጊዜ ያመለጡት ሽማግሌዎች ግን በሽታው ሲደርስባቸው እንደ ልጆቹ ታመሙ። ዕድሜያቸው አንድ፣ ደሴቱ አንድ፣ ልዩነቱ ሰውነታቸው በሽታውን ከዚህ በፊት ማወቁና አለማወቁ ብቻ ነበር።

በዚህ አካባቢም ተመሳሳይ ትዝታ የተሸከሙ ሰዎች አሉ። በ1984 እና በ1985 ከኢትዮጵያ በረሃብ የተሰደደው ሕዝብ በኡም ራኩባና በሌሎች የምሥራቅ ሱዳን ካምፖች ሰፍሮ በነበረበት ጊዜ በተለይ በዋድ ኮውሊ ካምፕ ኩፍኝ ብዙ ሕፃናት ገድሏል። ያን ጊዜ ታመው የተረፉት ልጆች ዛሬ ከ40 ዓመት በላይ ናቸው። ኩፍኝን የሚያውቁት ሴሎቻቸው ግን ዛሬም አብረዋቸው አሉ።

የማይረሱት ሴሎችም ቢሆኑ ጥበቃቸው ከዕድሜ ጋር ይላላል። አልማዝ ባለጭራ የሚባለውን በሽታ እንውሰድ። የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ ያስያዘን ያው ቫይረስ ነው። ከሰውነት አልወጣም፤ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ፣ በቲ ሴሎች እየተጠበቀ ዓመታት ይኖራል። ከ50 ዓመት በኋላ ጥበቃው ሲላላ ይወጣና በአንድ ጎን ቆዳ ላይ የሚያቃጥል ሽፍታ ይሆናል። ቲቢም እንዲሁ በወጣትነት የገባ ተኝቶ ቆይቶ በእርጅና ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየባቸው አረጋዊ «የእርጅና ሳል ነው» ተብለው እቤት መቀመጥ የለባቸውም።

ንፍፊት፣ ጣፊያና መቅኔ

እነዚህን በአጭሩ እንለፋቸው። ንፍፊቶቹ በእርጅና ቁጥራቸው ይቀንሳል፤ ውስጣቸው በስብና በጠባሳ ይሞላል። ሴሎቹን ወደ ቦታቸው የሚመሩት ምልክቶችም ይደክማሉ፤ ቲ ሴልና ቢ ሴል ተገናኝተው የሚመካከሩበት ቦታ ይጠባል። በዚህ የተነሳ የሚመረተው አንቲቦዲ ያንሳል፣ ጥራቱም ይቀንሳል። ለአረጋዊ የተሰጠ ክትባት ለወጣት እንደተሰጠው የማይጠነክርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጣፊያ ደግሞ ደምን የሚያጣራ ነው፤ በተለይ የሳንባ ምች ከሚያስከትሉ ባክቴሪያዎች የሚጠብቀን የጣፊያ ክፍል በእርጅና ይዳከማል። መቅኔም በሕፃንነት ሙሉ በሙሉ ቀይ የነበረው በብዙ አጥንቶች ውስጥ ቢጫ ስብ ይሆናል፤ የቀረው ቀይ መቅኔ አዳዲስ ቲና ቢ ሴሎችን ከማውጣት ይልቅ ጠቅላላ ጀርም የሚበሉ ሴሎችን ወደማውጣት ያዘነብላል።

አንድ የሚገርም ነገር ግን አለ። አዲስ ጀርም ለመዋጋት የደከመው ያው ሰውነት ያለምክንያት መቆጣት ይወዳል። ቁስል ሲቆጣ እንደምናየው ዓይነት፣ ግን ዝቅ ያለና የማይጠፋ መቆጣት በመላ አካሉ ውስጥ ይኖራል። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት ክላውዲዮ ፍራንቼስኪና ባልደረቦቹ በ2000 ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል። ከልብ በሽታና ከስኳር በሽታ ጋር ግንኙነት እንዳለው ይታመናል።

ካላዛር፦ በራሱ በጠባቂው ቤት የሚደበቅ

እስካሁን ያልነው ሁሉ በዚህ ምድር ተጨባጭ የሚሆነው በካላዛር ነው። ካላዛርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የሚባል፣ ከትንኝም ያነሰ፣ ድምፅ የሌለው ዝንብ ነው። በዋልካው ስንጥቅና በግራር ሥር ይኖራል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይወጣል። ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚደበቀው ጀርም በላ በሆኑት ነጭ ሴሎች ውስጥ ነው። የሚራባባቸውም ስፍራዎች ከላይ የጠራናቸው ናቸው፤ ጣፊያ፣ መቅኔና ንፍፊት፣ ከነሱም ጋር ጉበት። ጣፊያ የሚያብጠውና ደም የሚያንሰው በዚህ የተነሳ ነው። እዚያ ገብቶ ሊያወጣው የሚችለው የቲ ሴሎች ትእዛዝ ብቻ ነው።

በሽታው በቆየባቸው የገዳሪፍ መንደሮች ከሁሉ የበለጠ የሚታመሙት ልጆች ናቸው። ትልልቆቹ አብዛኞቹ በልጅነታቸው ተጋልጠው ሰውነታቸው ስላወቀው ነው። ሕዝቡ በሽታውን በማያውቅበት ቦታ ግን ዕድሜ አይመርጥም። በያኔው ደቡባዊ ሱዳን በምዕራብ አፐር ናይል ከ1984 እስከ 1994 የገባው ወረርሽኝ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል ተብሎ ይገመታል፤ ሕፃኑም ጎልማሳውም አብሮ ነው ያለቀው። በአማራ ክልል በሊቦ ከምከም በ2005 የታወቀው ወረርሽኝም ካላዛር ባልለመደ ደጋማ አካባቢ የተነሳ ነበር፤ ለቀን ሥራ ወደ ሁመራና መተማ ወርደው የተመለሱ ሰዎች እንዳመጡት ይታሰባል። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። በደቡብ ሱዳንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት በካላዛር የተያዘ ሰው ዕድሜው በገፋ መጠን የመሞት ዕድሉ ከወጣቱ ይበልጣል።

ሕክምናውም ለአረጋውያን የተለየ ነው። በዚህ አካባቢ የተለመደው ሁለት ዓይነት መርፌ ለ17 ቀን መውሰድ ነው። ከሁለቱ አንዱ ግን ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ስለሚችል ከ45 እስከ 50 ዓመት ላለፉ ሰዎች በአብዛኛው አምፎቴሪሲን የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይመረጣል። ስለዚህ ለጤና ሠራተኛው ትክክለኛውን ዕድሜ መንገር ይገባል። አንዳንድ አረጋውያን ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ በግምት ዝቅ አድርገው ይናገራሉ፤ አብሯቸው የሄደ ልጅ ቢያግዛቸው ጥሩ ነው።

እቤት ውስጥ ምን እናስተውል?

ትኩሳት የሚመጣው ነጭ ሴሎቹ መልእክት ሲልኩ ነው። የደከሙ ሴሎች የሚልኩት መልእክትም ደካማ ነው። ከባድ ልክፍት ከያዛቸው አረጋውያን ከአራት ወይም ከአምስት በአንዱ ላይ ትኩሳቱ አይታይም ወይም በጣም ትንሽ ነው። በምትኩ ምግብ መተው፣ መፍዘዝ፣ የቀኑን ሰዓትና የቤተሰብን ስም ማምታታት፣ ቆመው ሲሄዱ መውደቅ ይታያል። እነዚህ ነገሮች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከመጡ «አርጅተዋል እኮ» ተብሎ የሚታለፉ ሳይሆኑ ወደ ክሊኒክ የሚያስኬዱ ናቸው። ትኩሳት ታይቶ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በተለይ የወባ ምርመራው ነፃ ከሆነና ሆድ በግራ በኩል ከጠጠረ ወይም ሰውየው ከከሳ፣ የካላዛር ምርመራ ይደረግልን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ አለ። ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ መድኃኒት ማጓጓዝ አስቸጋሪ ስለሆነ ቀድሞ መታየት ከበፊቱ የበለጠ ይጠቅማል።

አጎበርን በተመለከተ፣ ከ1999 እስከ 2001 በገዳሪፍ መንደሮች 357,000 መድኃኒት የተነከሩ አጎበሮች ተከፋፍለው ነበር። ካላዛር በአማካይ ወደ 27 በመቶ ቀነሰ። ከዚህ በላይ ያልሄደበት አንዱ ምክንያት ዝንቡ የሚናከሰው ከመሸ ጀምሮ ሲሆን ሰዎች አጎበር ውስጥ የሚገቡት ለመተኛት ሲሉ መሆኑ ነው። በሙቀቱ ምክንያት አልጋቸውን ውጭ አውጥተው ከአመሻሹ ጀምሮ ጋደም ለሚሉ አረጋውያን አጎበሩን ቀድሞ ዘርግቶ መስጠት ለተማሪ የሚከብድ ሥራ አይደለም። አንድ አጎበር ብቻ ባለበት ቤት «ለልጆቹ ይሁን» የሚሉ አያቶች እንዳሉም እናውቃለን። ከደጋ የመጡ አያት ከሆኑ ግን ለካላዛርም ለወባም እሳቸውም እንደ ሕፃኑ አዲስ ናቸው፤ ቢቻል ሁለቱም በአንድ አጎበር ሥር ይተኙ።

ክትባትም እንዲሁ ነው። በመስከረም 2023 በገዳሪፍ የኮሌራ ወረርሽኝ ታውጆ ነበር። በአፍ የሚሰጠው የኮሌራ ክትባት ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ሁሉ የሚሆን ነው። የአረጋውያን ሰውነት ለክትባት የሚሰጠው መልስ ደከም ያለ ቢሆንም ምንም ከሌለው በእጅጉ ይሻላል። ደግሞም ልጆች ሲከተቡ በሽታው ወደ ቤት የሚገባበት በር ይጠባል፤ አያቶችንም ይጠብቃል።

ለተማሪዎች አንድ ነገር እንጨምር። ታይመሳችሁ ዛሬ ከቀሪው ዕድሜያችሁ በተሻለ ሁኔታ የሚሠራበት ጊዜ ላይ ናችሁ። ይህን እጢ ከእርጅና ውጭ በፍጥነት የሚያሟሽሸው የምግብ እጥረት ነው። በጣም የተጎዳ ሕፃን ታይመስ እንደ ሽማግሌ ታይመስ ሊሟሽሽ ይችላል፤ ከእርጅናው የሚለየው፣ ሕፃኑ በደንብ ሲመገብ እጢው መልሶ ማደጉ ነው።

ለሳይንስ መምህራን ደግሞ የክፍል ሥራ የሚሆን ሐሳብ አለን። ተማሪዎች በቤታቸው ወይም በጎረቤት ያሉ አንድ አረጋዊ ፈቃዳቸውን ጠይቀው፣ በሕይወታቸው የያዟቸውን በሽታዎች፣ የኖሩበትን አገር ደጋነትና ቆላነት፣ የተከተቡትንም ይጻፉ። ከ1970ዎቹ በፊት የተወለዱ ብዙዎች ክንዳቸው ላይ የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አላቸው፤ ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ነው። ከዚያ በሰንጠረዥ በሁለት ዓምድ ይከፈል፤ በአንዱ ሰውነታቸው የሚያውቀው በሽታ፣ በሌላው በዚህ ቆላ ሊገጥማቸው የሚችል አዲስ በሽታ። ወረቀቱን አያቶቹ ይያዙት፤ ክሊኒክ ሲሄዱ የጤና ሠራተኛው ከሚጠይቃቸው ነገር አብዛኛው በላዩ ላይ ይገኛል።